ከመስታወት ውስጥ ያጠፋሁት ሰው

ጋሽ ይርጋ መሞቱን የነገረኝ የማላውቀው የሕንፃ ዘበኛ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጋሽ ይርጋ ቁጥር ሲደውል፣ እንደ ልማዱ ባትሪ ረስቶ የሄደ መስሎኝ፣ «ደግሞ ምን ረሳህ?» ብዬ አነሣሁት። «እህቴ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?» አለኝ አንድ የወንድ ድምፅ። ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ለደግ አይደለም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

ምንሽ ነው ለሚለው ጥያቄ ዛሬም ድረስ ደህና መልስ የለኝም። አባቴ አይደለም፣ አጎቴ አይደለም። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ እሱ ከወገዳ ወጣ ብላ ካለች መንደር የመጣ የጎረቤታችን የስማዳ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሥራችን የቤት ፎቶ ነው። ቤት የሚሸጥ፣ ቤት የሚያከራይ፣ አፓርታማ ሠርቶ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ የቤቱን ውስጥ ያስነሣል። እሱ ካሜራውን ተሸክሞ ሄዶ ያነሣል፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ያነሣውን ኮምፒውተር ላይ አጸዳለሁ። ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ወለል ላይ የተጋደመ ገመድ፣ በመስኮት የሚታይ የጎረቤት ልብስ፣ ይህን ሁሉ አጠፋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የማጠፋው እሱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ መስታወት አይጠፋም። የመታጠቢያ ቤት መስታወት አለ፣ የቁም ሣጥን መስታወት አለ፣ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፣ የሚያብለጨልጭ ማንቆርቆሪያ አለ። ፎቶ አንሺው የትም ቢቆም ከአንዱ ላይ ይታያል። ቤት ገዢ ደግሞ ሊገዛው ባሰበው ቤት መስታወት ውስጥ የሌላ ሰው መልክ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ በየፎቶው ላይ ጋሽ ይርጋን እየፈለግሁ አጠፋው ነበር። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይቅር ይበለኝና እኮራበትም ነበር።

«ልቡ ነው» አሉን ሐኪሞቹ። ሊያነሣው ከሄደበት አፓርታማ ደረጃ ላይ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነው ያገኙት። ዘበኛው ደክሞት ያረፈ መስሎት ሁለት ጊዜ አልፎታል። ሬሳውን ወደ አገሩ እንውሰድ ብለን ሁለት ቀን ተሯሯጥን፤ ነገር ግን ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አንዱ ሾፌር እሽ ብሎ ያድርና ሲነጋ እምቢ ይላል፤ ሌላው ሳይደርስ ስልኩን ያጠፋል። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ቀበርነው። ከአገሩ ሰው የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ነን። የቀሩት ደላሎች፣ ቀለም ቀቢዎችና አንድ ሁለት የቤት ባለቤቶች ነበሩ።

እናቱ እማሆይ የሻረግ ይባላሉ። ባላቸው መሪጌታ ሲሞቱ የመነኮሱ፣ አንድ ልጅ ብቻ የነበራቸው ሴት ናቸው። ተቋርጦ የነበረው ስልክ ሲሠራ መርዶው ደረሳቸው። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ። አገር ቤት እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ ይዘረጋል፣ ፎቶው ይያዛል፤ አልቃሹም ፊቱን እያየ ያለቅሳል። እኔም ከመታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ በስልክ ላክሁ። ወገዳ ላይ አሳድገው አሳተሟት። መታወቂያው ላይ የተመታው ማኅተም ግን ከአገጩ ተነሥቶ እስከ ግራ ዓይኑ ይደርስ ነበር፤ ፎቶዋ ስታድግ ማኅተሙም አብሮ አደገ።

በሳምንቱ እማሆይ በጎረቤታቸው ስልክ ደወሉልኝ። ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም።

«አንች ልጅ፣ ይኸ ማነው?» አሉኝ።

«ጋሽ ይርጋ ነው፣ እማሆይ።»

«የኔን ልጅ እንደ በሬ ማኅተም መቱት?»

«የመታወቂያው ማኅተም ነው፣ እማሆይ።»

«ሬሳውን አላየሁ፣ አፈር አላለበስሁት። ፊቱን እንኳ አምጭልኝ እንጅ! የስንቱን ቤት ፎቶ ሲያነሣ ኑሮ፣ ለራሱ አንድ ፊት ይጣ?»

«አመጣለሁ፣ እማሆይ» አልኋቸው። «ሰማንያው ሳይደርስ አመጣለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እንዳልሁ የገባኝ። የጋሽ ይርጋን ፊት ከየፎቶው ላይ ለቅሜ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ረጅም፣ ጆሮው ገለል ያለ፣ ሲራመድ ወደ ፊት ዘንበል የሚል ሰው ነበር። የካሜራ ቦርሳው ውስጥ ሌንስ መያዣ ከተባሉት ኪሶች አንዱ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ ነበረበት። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እንደ አገራችን ወግ «እርስዎ» ስለው፣ «አንች የእስቴ ልጅ፣ አንቱ ካልሽኝ ካሜራው ይከብደኛል» አለኝ። በሃያ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አፌ እስኪለምድ ድረስ ስንት ወር ተንተባትቤያለሁ። ስሜን ግን ጠርቶኝ አያውቅም፤ እስከ መጨረሻው የእስቴ ልጅ እንደሆንሁ ቀረሁ።

የሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ከደጃፍ ያወልቃል። ምንጣፍ ያለበት ቤት ቢሆን ባልገረመኝ፤ ገና በር ያልተገጠመለት፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ የሆነ ቤት ውስጥም ያወልቃል። አንድ ቀን ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥታ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሲሚንቶ ላይ ጫማ ይወለቃል እንዴ?» አልሁት።

«ቤት ነዋ።»

«ገና አልተሸጠም እኮ።»

«አይሸጥ። ቤት ነው።»

ይህ ልማድ የመጣው ከልጅነቱ ነው። አባቱ ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት የወጡ መሪጌታ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን ያስተምሩ ነበር። እሱንም ድጓ እንዲማር እዚያው ቤተ ልሔም አስገብተውት ሳይጨርስ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጥሎ አዲስ አበባ ገባ። አባትና ልጅ ሳይታረቁ አባትየው ሞቱ። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አላነሣውም። ትምህርቱን ይተወው እንጂ ትምህርቱ እሱን አልተወውም ነበር። ለሱ የሰው ቤት ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሳሎን ቅኔ ማኅሌት ነው፣ ኮሪደሩ ቅድስት ነው፣ መኝታ ቤት መቅደስ ነው። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ደላሎቹ ይስቁበታል። ባለቤቶቹ ግን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ቀና ብለው አንድ ጊዜ ደግመው ያዩታል።

ደላላ የሚወደው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ጥግ ላይ ትቆማለህ፣ ሰፊውን ሌንስ ትገጥማለህ፣ ክፍሉ ሜዳ ያህላል። ጋሽ ይርጋም እንጀራው ነውና እንደ ትእዛዙ ያነሣላቸዋል። «የሰው ቤት ገብቶ ጥግ የሚቆም ሌባና ደላላ ነው» ይል ነበር ግን፣ ደላላው እየሰማ። የታዘዘውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ባለቤቱ ዞር ይልና፣ «እርስዎ የት ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ይህን ሲጠየቅ ይደነግጣል። ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ውኃ ይመጣ እንደሆነ ነው የሚጠየቀው፤ የት እንደሚቀመጥ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ከዚያ በጣቱ አንዷን ወንበር ወይም የአልጋውን ጫፍ ያሳያል። ጋሽ ይርጋ እዚያ ቁጭ ይላል፣ ዝም ብሎ ያያል፣ ካሜራውንም በተቀመጠው ሰው ዓይን ቁመት ያቆምና ራሱ እንዲያነሣ የካሜራውን ሰዓት ሞልቶ ጎንበስ ብሎ ይሸሻል። ካሜራው ብቻውን ያነሣል። «ይኸ የባለቤቱ ነው» ይላል። ይችን ፎቶ እኔ ጋ አያመጣትም ነበር፤ ራሱ ማተሚያ ቤት ወስዶ አሳትሞ ለባለቤቱ ይሰጣል። ለሁሉም አይደለም፤ ብዙ ዘመን የኖሩበትን ቤት ሸጠው ለሚለቁ ብቻ ነው። ለማን ለማን እንደሰጠ ግን የት ጽፎት!

ከመስታወት መሸሽ የጀመረው በኔ ጥፋት ነው። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ የአፓርታማ ኩባንያ የኩሽና ፎቶ አሠራን። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ የቧንቧውንም የመስኮቱንም አየሁና ማንቆርቆሪያውን ሳላይ አሳለፍሁት። የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ጋሽ ይርጋ አፍንጫው ተነፍቶ፣ ጆሮው ተለጥጦ ቁጭ ብሏል። ፎቶው ወጣ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሰው በተሰበሰበበት ጠርቶን ስክሪኑን እያሳየ፣ «ይህ ሽማግሌ ከቤቱ ጋር ነው የሚሸጠው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይርጋም አብሮ ሳቀ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን፣ «በይ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቦታ እንዳልታይ። ኦሪጅናሉንም ቢሆን አታስቀምጭ» አለኝ እንጂ ሌላ አልተናገረም። መስኮት መስኮቱን እያየ ሄደ። ያን ጊዜ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ከይቅርታው ይልቅ ሥራዬን ማሻሻሉን መረጥሁ። በዓመቱ ማንም ሊያገኘው የማይችል አድርጌ አጠፋው ጀመር፤ እንዳለኝም ኦሪጅናሎቹን እደመስስ ነበር። በስልኬ ላነሣው ስሞክርም መዳፉን ፊቱ ላይ ዘርግቶ «ሂጅ ወዲያ» ይለኛል።

ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ያሉንን ሀርድ ዲስኮች በሙሉ አንድ በአንድ ከፈትኋቸው። ዓይኔ አብጦ፣ እንባዬን ከስክሪኑ ብርሃን መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ የሰው መታጠቢያ ቤት ሳገላብጥ ከረምሁ። ባዶ ሳሎን፣ ባዶ ኮሪደር፣ የሚያብለጨልጭ ባዶ መስታወት። በየመስታወቱ ውስጥ እሱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ጋ በእሱ ፋንታ የበሩን እጀታ ቀድቼ ለጥፌያለሁ፣ እዚያ ጋ መጋረጃውን ስቤ አስረዝሜያለሁ። ከዘጠኝ ዓመት የተረፈኝ አንድ ክርንና አንድ ካልሲ ነው። ካልሲውን ሳይ ምን ያህል እንደጮህሁ እንጃ፣ ከጎረቤት ቢሮ ሰው መጣ።

አንድ ቀን ግን እዚያው ቁጭ ባልሁበት እትዬ ብርሃኔ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ብርሃኔ ሣር ቤት አካባቢ አሮጌ ቪላ የነበራቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ሊሸጥ ሆነና ጋሽ ይርጋ ሊያነሣ ሲሄድ ያን ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ደላላው ቸኩሏል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሟቹ ትልቅ ፎቶ፣ ከረባት ያሰረ፣ ተሰቅሏል። «ገዢ የሰው ሬሳ ማየት አይፈልግም» ብሎ ደላላው ፎቶውን አወረደና ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋው። እትዬ ብርሃኔ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጋሽ ይርጋ የካሜራውን ማቆሚያ አጠፈ። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ፎቶ በሁለት እጁ አነሣ፣ በሸሚዙ እጅጌ መስታወቱን ጠረገ፣ ሶፋው ላይ አስደግፎ አስቀመጠው።

«ምን ሆንህ አንተ? ሰዓት የለኝም እኮ!» አለ ደላላው።

«እኔ ሰዓት አለኝ» አለ ጋሽ ይርጋ። «ሰው በገዛ ቤቱ በግንባሩ አይደፋም።»

ከዚያ የደላላውን ፎቶዎች ግድግዳውን ባዶ አድርጎ አነሣ። ሲጨርስ የሟቹን ፎቶ በገዛ እጁ በቦታው ሰቀለና፣ «እትዬ፣ የት ነው የሚቀመጡት?» አላቸው። ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ያለችውን አሮጌ ወንበር አሳዩት። ካሜራውን እዚያ አስቀምጦ ሮጠ። ያችን ፎቶ አሳትሞ ሰጥቷቸዋል። እኔ አላየኋትም፤ አላጸዳኋትምም።

እትዬ ብርሃኔን በደላላው በኩል አፈላልጌ በልጃቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ አገኘኋቸው። ፎቶዋ ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅላለች። ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ከላይ ግድግዳው ላይ ባለ ከረባቱ ሰውዬ አሉ። ከታች፣ በቁም ሣጥኑ መስታወት ጥግ፣ ጋሽ ይርጋ አለ። ከካሜራው ፊት ሲሸሽ ሰዓቱ ቀድሞት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የሟቹን ፎቶ ያያል። ጫማ የለውም። ፊቱ ሙሉ ነው፤ ከነሽበቱ፣ ከነጆሮው። እንደተቆጣ ሰው ከንፈሩን ገጥሟል፣ ዓይኑ ግን ልጅ ይመስላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እትዬ ብርሃኔ ያለቀስሁበትን ሳይጠይቁ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ነገርኋቸው። ተነሥተው ፎቶዋን ከነፍሬሟ አወረዱ።

«አልወስድም፣ እትዬ። ቀድቼ እመልሳለሁ» አልሁ።

«ውሰጅ እንጂ ልጄ። የኔ ባል ቀባሪ አላጣም» አሉኝ።

ቀድቼ መለስሁላቸው። የጋሽ ይርጋን ፊት ለብቻው ቆርጬ ለማሳደግ ሞከርሁ፤ ትንሽ ስለሆነ ሲያድግ ዓይኑ የትና አፍንጫው የት እንደሆነ አልለይ አለኝ። የሌለውን መሳል እችላለሁ፤ ሥራዬ እሱ አይደል? ጥርስም ጉንጭም ልሠራለት እችል ነበር። እጄን ከማውዙ ላይ አነሣሁ። ፎቶውን እንዳለ፣ እማሆይ የማያውቁትን ሰው ሳሎን ከነቁም ሣጥኑ፣ ከነባለ ከረባቱ አሳትሜ ፍሬም አስገባሁት።

ሰማንያው ሦስት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተከፈተ። በደብረ ታቦር ዞሬ መካነ ኢየሱስ እናቴ ቤት አደርሁና በማግስቱ ወደ ወገዳ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርሁ። የጋሽ ይርጋን ካሜራ በጀርባዬ፣ ፎቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድሁ። መንገዱ አንጀት ይቆርጣል፤ መስታወቱ እንዳይሰበር በክንዴ አቅፌው፣ ድንጋይ ባነጠረን ቁጥር «አይዞህ» እለው ነበር። አብሮኝ የተቀመጠው ገበሬ ለማን እንደምናገር ግራ ቢገባው ፊቱን አዞረ።

እማሆይ የሻረግ ቀጭን፣ ጆሯቸው እንደ ልጃቸው ገለል ያለ ሴት ናቸው። የመጡት ለቀስተኞች ፎቶውን ተቀባበሉት። «የማን ቤት ነው?» «ይኸ ከረባት ያሰረው ማነው?» «ኧረ ይርጋ አይደለም!» ይሉ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ ተሳስቼ የሌላ ሰው ፎቶ ያመጣሁ መስሎት በሐዘኔታ አየኝ። እማሆይ ፎቶውን ተቀበሉ። ዓይናቸው አንድ ጊዜም ወደ ባለ ከረባቱ አልሄደም፤ ከቁም ሣጥኑ ጥግ ላይ ዐረፈ።

«ይኸውላችሁ» አሉ፣ በጣታቸው እየነኩት። «ይኸውላችሁ ልጀ። ተንበርክኮ።»

ከዚያ ወደ ቀሳውስቱ ዞሩ። «ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ተስሎ የለም? የኔም ልጅ እንደዚያ ነው። ከታች ነው ያለው።» አለቀሱ። ቤቱ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። ፎቶውን በራሳቸው ላይ ይዘው ዳሱን ዞሩ፤ ለእትዬ ብርሃኔ ባልም በማያውቃቸው አገር፣ ስማዳ ላይ፣ አብሮ ተለቀሰላቸው።

ተዝካሩ አልቆ ሰው ሲበተን እማሆይ ጎናቸው አስቀመጡኝ።

«የስንት ሰው ቤት ገብቶ ይሆን ልጀ?» አሉኝ።

«በጣም ብዙ ነው፣ እማሆይ። ቁጥሩን አላውቀውም።»

«በሌሎቹስ ቤቶች ከወዴት ጥግ ነው ያለው? እነሱንም ባየኋቸው።»

ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ስፈራው ነበር። ዲስኩ ተበላሸ ብል ያምኑኛል፤ ኮምፒውተር አያውቁም።

«የለም፣ እማሆይ» አልሁ። «በሁሉም ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አጠፋሽው?»

«ሥራዬ እሱ ነበር። መስታወት ላይ ሲታይ አጠፋዋለሁ። እሱም አጥፊኝ ብሎኛል። እኔም ማጥፋቱን እየወደድሁት ነው የሠራሁት።»

ዓይናቸውን ወደ ፎቶው መለሱ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«የሰው ቤት ሲገባ ምን ያደርግ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሲሠራ አላየሁትም። እስቲ ተነሽና አሳይኝ።»

ካሜራውን ከቦርሳው አወጣሁ። ከሌንሱ ኪስ ሁለት የገብስ ፍሬ እጄ ላይ ወደቀ። ወጣሁና ጫማዬን ከደጃፍ አውልቄ እንደ እንግዳ ተመልሼ ገባሁ።

«እማሆይ፣ እርስዎ የት ነው የሚቀመጡት?»

እሳቸውም እንደሌሎቹ ደነገጡ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለችውን፣ ቁርበት የተነጠፈባትን ዝቅተኛ መደብ አሳዩኝ።

«እዚህ ነኝ። ከዚህ መንገዱ ይታየኛል። ‹ዘንድሮ እመጣለሁ› ካለኝ ጀምሮ፣ መኪና ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር ከዚህ ሁኜ ነው የማይ።»

መደቧ ላይ ተቀመጥሁ። ዝም ብዬ አየሁ። ከዚያ ካሜራውን በእማሆይ ዓይን ቁመት አቆምሁት፤ እንደ ጋሽ ይርጋ ሰዓቱን ሞላሁና ጎንበስ ብዬ ከጎኑ ሸሸሁ። የበሩ መቃን፣ የገብሱ ክምር፣ ከክምሩ ወዲያ ባሕር ዛፎቹና ወደ ዳገቱ የሚወጣው ቀይ መንገድ ተነሡ።

ያችን ፎቶ አሳትሜ አንዷን ለእማሆይ ልኬያለሁ፤ አንዷ ቢሮዬ ውስጥ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅላለች። መንገዱ ላይ ሰው የለም። እኔም ምንም አላጠፋሁም።